የሰገነቱ መከታ፦ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ አባቶችንና እናቶችን ከአደጋ ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ለእስራኤል ከሰጣቸው ትእዛዛት መካከል ስለ ቤት አሠራር የሚናገር አንድ አጭር ትእዛዝ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ እናገኛለን። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ታዝዟል፤ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በባለቤቱ ላይ ይሆናል። በዚያ ዘመን ሰገነት ሰዎች ከሙቀት የሚያርፉበትና የሚጸልዩበት ስፍራ ነበር፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስም በስድስት ሰዓት ሊጸልይ የወጣው ወደ ሰገነት ነው (ሐዋ. 10፥9)።

ትእዛዙ ሁለት ነገሮችን ያስተምረናል። የመጀመሪያው መከታው የሚሠራው ሰው ከወደቀ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሕጉ ሰዎች ወደ ሰገነት እንዳይወጡ አለመከልከሉ ነው። ሰው ይወጣል፣ ያርፋል፣ ይጸልያል፤ የባለቤቱ ድርሻ ይህን ሁሉ ሲያደርግ እንዳይወድቅ ማሰብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ትምህርት መሠረት አድርገን በአሜሪካ በሚገኙ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች፣ በተለምዶ «ነርሲንግ ሆም» በሚባሉት፣ በነዋሪዎች ክፍል ውስጥ ስለሚደርሱ አደጋዎችና ስለ መከላከያቸው እንመለከታለን።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በርካታ ምእመናን ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት አምጥተው አብረዋቸው ይኖራሉ። ዕድሜ ሲገፋ፣ የመርሳት ሕመም ሲበረታ ወይም የቀንና የሌሊት ክትትል የሚያስፈልገው ደዌ ሲመጣ ግን አንዳንዶቹ አረጋውያን ወደ መንከባከቢያ ይገባሉ። በእነዚህ ቦታዎች በነርስነትና በነርስ ረዳትነት የሚያገለግሉ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችንም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለልጆች፣ ለጠያቂዎችና በሙያው ላሉ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. የአረጋውያን መንከባከቢያዎችን የሚያሻሽል ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ ላይ የተመሠረተው የፌዴራል ደንብ፣ መንከባከቢያው የነዋሪው አካባቢ በተቻለ መጠን ከአደጋ መንሥኤዎች ነጻ እንዲሆን ማድረግ እንዳለበት፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪም በቂ ክትትልና አስፈላጊውን የመደገፊያ መሣሪያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ነዋሪው በገባ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድ ይዘጋጅለታል። ዝርዝር ምርመራው ደግሞ በ14 ቀናት ውስጥ ይጠናቀቅና ሙሉው ዕቅድ ከዚያ በኋላ በ7 ቀናት ውስጥ ይወጣል። ዕቅዱ ቢያንስ በየ3 ወሩ ይከለሳል። ነዋሪው፣ ከፈለገም ቤተሰቡ፣ በዕቅዱ ዝግጅት የመሳተፍ መብት አለው። ስለ ጤንነቱ ሁኔታ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረውም ይገባል።

ብዙዎቻችን ይህን መብት ባለማወቅ «እነርሱ ያውቃሉ» ብለን ከስብሰባው እንቀራለን። እውነት ነው፤ ባለሙያዎቹ አልጋውን፣ መድኃኒቱንና መሣሪያውን ያውቃሉ። አባታችን ሌሊት ለምን እንደሚነሡ፣ እናታችን ምግቡን ለምን እንደመለሱ የምናውቀው ግን እኛ ነን። ብዙ አደጋ የሚደርሰው በእነዚህ በሁለቱ ዕውቀቶች መካከል ባለው ክፍተት ነው።

በክፍሉ ውስጥ የሚገኙ የአደጋ መንሥኤዎች

ሀ. መውደቅ

ከመንከባከቢያ ነዋሪዎች ግማሽ ያህሉ በየዓመቱ እንደሚወድቁ ይገመታል። በእርጅና ዘመን የዳሌ አጥንት መሰበር ወይም የጭንቅላት ጉዳት ሰውን ለዘለቄታው ከአልጋ ሊያውል፣ ለሞትም ሊያበቃ ይችላል። ሆኖም መንሥኤው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፦ እርጥብ ወለል፣ ጠርዙ የተነሣ ምንጣፍ፣ መተላለፊያ ላይ የተዘረጋ የስልክ ገመድ፣ ልቅ ነጠላ ጫማ፣ የሚያንሸራትት ካልሲ፣ ፍሬኑ ያልተያዘ ተሽከርካሪ ወንበር ወይም አልጋ። በመንኮራኩር የሚሄደው የምግብ ጠረጴዛም መደገፊያ ይመስላል፤ የተደገፉት ጊዜ ግን ሸሽቶ ይጥላል።

በደንቡ መሠረት ከአንድ በላይ ነዋሪ በሚያርፍበት ክፍል ለእያንዳንዱ ሰው ሊኖር የሚገባው ዝቅተኛ ስፋት 80 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 7.4 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በዚህች ጠባብ ስፍራ አልጋ፣ ወንበር፣ ቁም ሣጥንና መደገፊያ አለ። እኛ ደግሞ በፍቅር ተነሣሥተን ሻንጣውን፣ ጋቢውን፣ ተጨማሪ ወንበሩን ስንጨምርበት ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ይዘጋል። ለወላጃችን የምናመጣው ነገር ሁሉ መቀመጫ ቦታ እንዳለው አስቀድመን ማየት ይገባናል።

ልብሳችንም ጥንቃቄ ይሻል። ረጅም ቀሚስና ወደ መሬት የወረደ ነጠላ እግር ያደናቅፋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር መንኮራኩር ውስጥም ይጠመጠማል። ነጠላው ይቅር አንልም፤ ሲቀመጡ ጫፉን ሰብሰብ አድርጎ ጭን ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ብዙ አባቶች የሚወዱት መቋሚያም በለሰለሰ ወለል ላይ ጫፉ ይንሸራተታል፤ ለጸሎት ይሁንላቸው እንጂ የሕክምና ባለሙያው ያዘዘውን መደገፊያ አይተካም።

ከአካባቢው ሌላ በሰውነት ውስጥ ያለው መንሥኤም መታሰብ አለበት። የእንቅልፍ መድኃኒት፣ የደም ግፊት መድኃኒትና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሲነሡ ያዞራሉ ወይም ወደ መጸዳጃ ያጣድፋሉ። ስለዚህ ከመቆማቸው በፊት በአልጋው ጠርዝ ጥቂት ደቂቃ እንዲቀመጡ ማስለመድ ይጠቅማል። መነጽራቸውና የጥሪ ደወሉ ሁልጊዜ እጃቸው በሚደርስበት መሆን አለባቸው።

ለ. አልጋው ራሱ

ብዙ ቤተሰብ በአልጋው ግራና ቀኝ የሚነሣው የብረት መከለያ ቢታሰር ወላጁ የማይወድቅ ይመስለዋል። ነገር ግን አቅመ ደካማ ወይም የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ራሱ፣ አንገቱ ወይም ደረቱ በመከለያውና በፍራሹ መካከል ተጣብቆ ሊታፈን ይችላል። በመከለያው ላይ ልውጣ ብሎ ሲሞክርም ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሰው ሊጣበቅባቸው የሚችሉ 7 የአልጋ ክፍተቶችን ለይቷል። ደንቡም መከለያ ከመደረጉ በፊት ሌላ አማራጭ እንዲሞከር፣ የመጣበቅ አደጋ እንዲመረመርና የነዋሪው ወይም የወኪሉ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል። ስለዚህ «መከለያውን አንሡልን» ብለን ከመጠየቃችን በፊት አልጋው እስከ መጨረሻው ዝቅ ማለት ይችል እንደሆነ፣ ፍራሹ ከአልጋው ልክ ጋር የሚገጥም መሆኑን እንጠይቅ።

ሐ. እሳትና ትኩስ ውኃ

ይህ ክፍል በተለይ እኛን ይመለከታል። ጧፍ አብርቶ፣ ዕጣን አጢሶ መጸለይ ለወላጆቻችን የዕድሜ ልክ ልማድ ነው። በመንከባከቢያ ክፍል ውስጥ ግን ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ይኖራል፤ የእኛ ወላጅ ባይሆን በመጋረጃ ማዶ ያለው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን በራሱ አይነድድም፤ ሌላውን ነገር ግን በፍጥነትና በኃይል እንዲነድድ ያደርጋል። በልብስና በአንሶላ ውስጥም ሰርጎ ስለሚቆይ መሣሪያው ከተዘጋ በኋላ እንኳ አደጋው ወዲያው አይጠፋም። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ጧፍ ማብራት፣ ከሰል ማቀጣጠል፣ ቡና ለማፍላት የኤሌክትሪክ ምድጃ መሰካት ፈጽሞ አይገባም። ተንቀሳቃሽ ማሞቂያም በነዋሪዎች መኝታ ክፍል የተከለከለ ነው፤ ለሚበርዳቸው ወላጆች ጋቢና ሙቅ ልብስ እንጨምርላቸው። ቅዱስ ሥዕሉን ከአልጋው ፊት ለፊት በሚታያቸው ቦታ አድርጎ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ከሥሩ ማኖር ይቻላል። ይህ መብራት ሌሊት መንገድም ያሳያቸዋል።

የአረጋውያን ቆዳ ስስ ነው፤ ትኩሳትንም ዘግይቶ ይሰማል። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞላ ውኃ በ5 ሴኮንድ፣ 49 ዲግሪ የሆነው ደግሞ በ5 ደቂቃ ጥልቅ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። እግር ስናጥብ ውኃውን አስቀድመን በራሳችን ክንድ እንፈትን። በቴርሞስ ያመጣነውን ሻይ ወይም ቡናም ቀዝቀዝ አድርገን፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በክዳን ባለው ኩባያ እንስጣቸው።

መ. መታነቅና የተሳሳተ ነገር መጠጣት

ስትሮክ ወይም የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ምግብ የመዋጥ ችሎታው ሊዳከም ይችላል። ለእንዲህ ያለው ነዋሪ ባለሙያው ምግቡ እንዲላላ ወይም እንዲፈጭ፣ ውኃውም እንዲወፍር ያዛል፤ ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያፍነው ወይም የሳንባ ምች ሊያመጣበት ስለሚችል ነው። ጠያቂ ይህን ሳያውቅ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ ወይም ጸበል ሲያቀርብ በቅን ልብ አደጋ ያመጣል። ጸበል ለማጠጣትም ሆነ ምግብ ለማጉረስ አስቀድሞ ነርሷን መጠየቅ ይገባል። ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል የሚዘጋጁ ከሆነም ስለ መዋጥ ችግራቸው ለካህኑ አስቀድመን እንንገር፤ ካህኑ የሚያደርገውን ያውቃል።

በውኃ ጠርሙስ የመጣ ጸበል ስሙ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ በጉልህ ይጻፍበት። በተመሳሳይ ጠርሙስ የተቀዳ የጽዳት ፈሳሽ ክፍሉ ውስጥ ከተረሳ፣ ዐይናቸው የደከመ እናት ጸበል መስሏቸው ሊጠጡት ይችላሉ። በጽዳት ሥራ ላይ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ፈሳሽን ከመጀመሪያው ዕቃው ወደ ሌላ እንዳትገለብጡ አደራ እንላለን። ከአገር ቤት የመጣ መድኃኒት፣ ቅባትና የባህል መድኃኒትም ሐኪሙ ሳያውቀው በመሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፤ ከታዘዘላቸው መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላልና።

ማሰር መፍትሔ አይደለም

አደጋን ስንፈራ የመጀመሪያው ሐሳባችን «አይንቀሳቀሱ» የሚል ይሆናል። በአንድ ወቅት በአሜሪካ መንከባከቢያዎች አረጋውያንን በወንበርና በአልጋ ላይ ማሰር የተለመደ ነበር። ዛሬ ሕጉ ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው ሥራ ማቅለያ ብሎ ማሰርን ይከለክላል። የታሰረ ሰው ጡንቻው ይዝላል፤ ገላው ይቆስላል፤ ሊፈታ ሲታገል ይጎዳል፤ ሲፈታም ለመቆም አቅም ስለሚያጣ ይበልጥ ይወድቃል። የአልጋ ማንቂያ ደወልም ቢሆን ሰው መነሣቱን ይናገራል እንጂ መውደቁን አያስቀርም። ሰገነቱን መዝጋት ሳይሆን መከታ መሥራት ይሻላል ያልነው ስለዚህ ነው።

መከታው የሚሠራው «ይህ ሰው ለምን ይነሣል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ለምሳሌ ስድሳ ዓመት ሙሉ በመንፈቀ ሌሊት ተነሥተው ሲጸልዩ የኖሩ አንዲት እናት በመንከባከቢያ አሉ እንበል። የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ የደወሉንም ጥቅም በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳቸው የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሊሰግዱ ይነሣሉ፤ በጨለማ ውስጥ ይደናቀፋሉ። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ያለ ምክንያት ትነሣለች፣ መመሪያ አትቀበልም» የሚል ይሆናል። እርሳቸው ግን ምክንያት አላቸው፤ የጎደለው ምክንያታቸውን የሚያውቅና ለሠራተኞቹ የሚናገር ሰው ነው። ልጃቸው ይህን በዕቅድ ስብሰባው ላይ ብትናገር ረዳቷ በዚያ ሰዓት ገብታ ወደ መጸዳጃ ታደርሳቸዋለች፤ ከአልጋቸው አስደግፋ ታስቀምጣቸዋለች፤ ዳዊታቸውንና መስቀላቸውንም ታቀብላቸዋለች። ከንስሓ አባታቸው ጋር ተመካክረውም ስግደቱን እንደ አቅማቸው በተቀመጡበት ራስን ዝቅ በማድረግ ይፈጽሙታል። እናታችን ጸሎታቸውን አላጡም፤ ከመውደቅም ተጠበቁ።

ጾምም እንዲሁ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ አባት ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው «ጾም ነው» ብለው ቁርሱን ቢመልሱ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ነርሷ የዐቢይ ጾምን መግቢያ፣ የጾመ ነቢያትን ወይም የረቡዕና የዓርብን ነገር አታውቅም። የአጽዋማቱን ቀናት ጽፎ መስጠት፣ ከሐኪሙና ከንስሓ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር የልጆች ድርሻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን ከአቅማቸው በላይ አታስጨንቅም።

የቤተሰብና የአጥቢያ ድርሻ

አንደኛ፣ በጎበኘን ቁጥር ከመቀመጣችን በፊት ክፍሉን በዐይናችን እንቃኝ፦ ወለሉ ደርቋልን? ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ያለው መንገድ ክፍት ነውን? አልጋው ዝቅ ብሏልን? ፍሬኑ ተይዟልን? ደወሉ እጃቸው ይደርሳልን? ይሠራልን? ይህን ሁሉ ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ስንወጣም ያንቀሳቀስነውን ወንበርና ጠረጴዛ ወደ ቦታው እንመልስ።

ሁለተኛ፣ «አመመኝ»፣ «ውኃ ጠማኝ»፣ «ሽንት ቤት ውሰዱኝ»፣ «አዞረኝ» የሚሉትን ቃላት በአማርኛ፣ አነባበባቸውንም በአገሩ ፊደል ጽፈን ከአልጋው አጠገብ እንለጥፍ። ሰው ብቻውን ለመነሣት ከሚገደድባቸው ምክንያቶች አንዱ የሚፈልገውን መናገር አለመቻሉ ነው።

ሦስተኛ፣ ጉድለት ስናይ በትሕትና ግን በግልጽ ለኃላፊዋ ነርስ እንናገር፤ ቀኑንም እንመዝግብ። ካልተስተካከለ በየግዛቱ የነዋሪዎችን አቤቱታ ያለ ክፍያ የሚመለከት የእንባ ጠባቂ ጽሕፈት ቤት አለ። መንከባከቢያዎች ቢበዛ በ15 ወር አንድ ጊዜ ድንገተኛ ምርመራ ይደረግባቸዋል፤ የምርመራው ውጤትም ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። ቦታ ከመምረጣችን በፊት ይህን ማንበብ ይጠቅመናል። አቤት ማለት ሠራተኛውን መክሰስ ተደርጎ አይታሰብ፤ የሰው እጥረት ባለበት የምታገለግል ረዳት ብዙ ጊዜ የቤተሰቡን ድምፅ ትፈልገዋለች።

አራተኛ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የአጥቢያ ማኅበራት ልጅ የሌላቸውን ወይም ልጆቻቸው ሁለት ሥራ የሚሠሩባቸውን አረጋውያን በተራ ቢጎበኙ ብዙ አደጋ ይቀራል። ጠያቂ ያለው ነዋሪ ክፍሉን የሚያይለት ተጨማሪ ዐይን አለው።

አደጋ ከደረሰስ?

ወላጃችን ወድቀው ብናገኛቸው ተሽቀዳድመን ከመሬት አናንሣቸው፤ የተሰበረ አጥንት ካለ እናባብሰዋለን። ደወሉን ተጭነን፣ እጃቸውን ይዘን፣ በቋንቋቸው እያነጋገርን ነርሷ እስክትመረምራቸው እንጠብቅ። ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ፣ «ደህና ነኝ» ቢሉ እንኳ ወዲያው መመርመር አለባቸው፤ የውስጥ መድማት ቆይቶ ሊታይ ይችላልና። እናቶቻችን ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ሕመማቸውን እንደሚሸሽጉ እናውቃለን። መንከባከቢያው ሐኪም ሊያስፈልገው የሚችል ጉዳት ሲደርስ ለሐኪሙና ለቤተሰቡ ተወካይ ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ «ማን አጠፋ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ተነሡ? ምን ፈልገው ነበር? በዕቅዱ ላይ ምን ይለወጥ?» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ምክንያቱ ካልተወገደ ደግሞ ይወድቃል።

ማጠቃለያ

አንዳንዶቻችን አረጋዊ ሲወድቅ «ዕድሜው ነው»፣ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን እናልፋለን። የሁላችንም ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያው እግዚአብሔር ነው መከታ እንድንሠራ ያዘዘን፤ በዕውርም ፊት ዕንቅፋት እንዳናኖር የከለከለን (ዘሌ. 19፥14)። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 32 ላይም ሽበታሙን እንድናከብር አዝዞናል። አባትና እናትን ማክበር ጉልበት ስሞ መመለስ ብቻ አይደለም። የፈሰሰ ውኃ ማድረቅ፣ የተዘረጋ ገመድ መሰብሰብ፣ ደወልን ወደ እጃቸው ማቅረብና የሚነሡበትን ምክንያት አውቆ ለሚንከባከቧቸው መንገር የዚሁ ትእዛዝ ፍጻሜ ነው። በመንከባከቢያ የምታገለግሉ እኅቶችና ወንድሞችም ሌሊት የምትዞሩባቸው ክፍሎች ሁሉ የሰው አባትና እናት ያደሩባቸው ናቸውና ድካማችሁ በእግዚአብሔር ዘንድ የታሰበ ነው።

አምላካችን የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ዕድሜ ይጠብቅልን፤ ለእኛም የሚያስተውል ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።